ያልወጣ ጌም ዐዋጅ ነጋሪ

ቢምረው መሞቱን የሰማሁት መምህራን የስብሰባ ጥሪ በምንለዋወጥበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነው። ከመልእክቱ በላይ የውኃ መቋረጥ ማስታወቂያ ነበር፤ ከመልእክቱ በታች የሚያለቅሱ ፊቶች ተደርድረዋል። ጉበቱ ነው አሉ። ከቀብሩ በኋላ የመታሰቢያ መጽሔት የሚያዘጋጁ ወጣቶች ቢሮዬ ድረስ መጥተው፣ «ዶክተር፣ እርስዎ በደንብ ያውቁታል፤ ሁለት ገጽ ብቻ ይጻፉልን፤ መልካም መልካሙን» አሉኝ። በደንብ ዐውቀዋለሁ። ሁለት ገጽ ግን አይበቃኝም፤ መልካም መልካሙንም ሌሎች በብዛት ጽፈውታል። በአገራችን ሰው ሲሞት የነቃፊው ሁሉ ምላስ ይታሠራል። ልማዱን አከብራለሁ፤ አልከተለውም።

ቢምረው ረጅም፣ ትከሻው ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው ሊያቅፍ የተዘጋጀ የሚመስል ሰው ነበር። ያደገው ዳባት፣ ከወላጆቼ ቤት በላይ ባለው የካህናት ሰፈር ነው። አባቱ የድጓ መምህር ነበሩ። እሱም እስከ ዲቁና ደርሶ ትምህርቱን ተወው፤ ድምፁን ግን ይዞት ወጣ። ያ ድምፅ ሌላ ነገር ነው። «ማታ መብራት ይመጣል» ሲል እንኳ የሰማው ሰው ከተቀመጠበት ሊነሣ ይቃጣዋል። ከመናገሩ በፊት ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ያሳርፋል፣ ዓይኑን ለአፍታ ይከድናል፣ ከዚያ ቃሉን ያወጣል። ሰዎች ይህን ትሕትና ብለው ይጠሩታል። እኔ ከዜማ ትምህርት የተረፈ የትንፋሽ ስልት ነው እላለሁ።

ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ጌም ቤት ነበረው፦ ግድግዳው ሰማያዊ የተቀባ አንድ ክፍል፣ ጥቂት ቴሌቪዥኖች፣ መቀመጫቸው የተቀደደ አግዳሚ ወንበሮች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በአካባቢው ሬዲዮ ለወጣቶች የተሰጠውን ሰዓት ያዘጋጅ ነበር። በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው አዲስ አበባ ያሉ ሦስት ወጣቶች «ቁልቁለት» የተባለ የጭነት መኪና ጌም እየሠሩ መሆናቸውን በፌስቡክ ያስታወቁት። ጌሙ የሚካሄደው በሊማሊሞ ላይ ነው፤ ከደባርቅ ተነሥቶ በገደሉ ወገብ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው በሚወርደው በእኛው መንገድ።

ያወጡት ቪዲዮ በጣም አጭር ነበር፦ አንድ መኪና፣ አንድ ኩርባ፣ የተቀረው ጉም። ሙያዬ ካርታ ሥራ ነውና ጉሙ ለምን እንደተጨመረ ወዲያው ገባኝ። ከጉሙ በስተጀርባ ገና የተሠራ ነገር አልነበረም። ቢምረው ግን በጉሙ ውስጥ አገር አየ፤ ያየውንም አገር በየቅዳሜው በሬዲዮ ይተርክ ጀመር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጌም ቤቱ በር ላይ ልጆች ከብበውት አገኘሁ።

«ጋሽ ቢምሬ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ አለበት?»

«ይኖራል።»

«ምን ያደርጋል?»

«ከላይ ሆኖ ድንጋይ ያንከባልልብሃላ። ዝም ብሎ ያይሃል እንዴ?»

«ጊች ድረስስ ያስኬዳል?»

«መኪና ምን ሊሠራ ጊች ተራራ ይወጣል? እሱን በበቅሎ ነው።»

«በቅሎም አለ?»

እጁን ደረቱ ላይ አሳረፈ። «በቅሎማ ይኖራል።»

አንድም ጊዜ «አላውቅም» ሲል አልሰማሁትም። ቡይት ራስ የሚሠራ የሎጅ አስተናጋጅ በረንዳቸው በጌሙ ውስጥ ይታይ እንደሆነ ጠየቀው፤ ይታያል ተባለ። መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት «የእኔስ በር?» አለችው። «የአንቺን በር ሳያይ ማን ሾፌር ያልፋል?» ብሎ መለሰላት፤ እሷም በሩን አረንጓዴ ቀባችው። አንድ ክረምት ሳይሞላ ጌሙ ከሠሪዎቹ እጅ ወጥቶ ነበር። እያንዳንዱ ሰው የጎደለውን ነገር በውስጡ አስቀመጠበት፤ ቢምረውም የሁሉንም ተቀበለ።

ስለ ጥላው ነገር ብዙ ይወራል፤ እኔ በቦታው ስለነበርሁ በትክክል ልናገር። መንገድ ዳር ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚለምኑ ካህናት ባለዘርፍ ጥላ ዘርግተው፣ ሥዕል አቁመው፣ በድምፅ ማጉያ መንገደኛውን ሲጣሩ ያላየ ተሳፋሪ የለም። ቢምረው ከከተማው መግቢያ ላይ እንዲሁ ያለ ጥላ ዘረጋ፤ በሥዕሉ ፈንታ የጌሙን ፖስተር አቆመ፤ ማጉያውንም ይዞ በዚያ ድምፁ «ወገኖቼ፣ ቁልቁለት ደርሷል፤ ተዘጋጁ» ማለት ጀመረ። እኔ የተሳፈርሁበት ከዳባት የመጣ አውቶቡስ እንደ ልማዱ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሰዎች በየመስኮቱ ሳንቲም ወረወሩ። ከጎኔ የተቀመጡ አሮጊት ነጠላቸውን አስተካክለው አማተቡ።

«እማማ፣ እሱ እኮ የመኪና ጨዋታ ነው» አልኋቸው።

«ይሁን ልጄ። እሱም መንገዱን ይባርክልን።»

የወደቀውን ሳንቲም ለቅሞ ለደብሩ እንዳስገባ በኋላ ሰማሁ። እውነት ነው፤ ሌባ አልነበረም። ሌባ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ቀላል ይሆን ነበር።

ከዚህ በኋላ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ መጣ። ካሜራውን በገደሉ አፋፍ ላይ አቁሞ ቢምረውን ስለ ቱሪዝም ዕድገት፣ ስለ ወጣቶች የሥራ ፈጠራ፣ ስለ አካባቢው ገጽታ ግንባታ ጠየቀው። ጌሙን እስኪ አሳየኝ አላለውም። ዝግጅቱ በተላለፈ ማግስት የጌሙን ሠሪዎች ስልክ ፈልጌ ደወልሁ። ያነሣው ወጣት ድካም የሚሰማበት ድምፅ ነበረው።

«እህቴ፣ እኛ የጭነት መኪና ጌም ነው የምንሠራው» አለኝ። «ጭላዳ አለው ያለው ማን ነው?»

ይህንኑ ይዤ ቢምረው ጋ ሄድሁ። ልጆቹ እንዳይሰሙ ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

«ዶክተርዬ፣ እነሱ ጌሙን ይሠራሉ። እኔ ተጫዋቹን እሠራለሁ።»

«ሲወጣ ያልኸው ሁሉ ባይኖርስ?»

«ጌሙ እስኪመጣ ድረስ ሰው ደስ ብሎታል። ያንን ማን ይወስድበታል?»

ይህ አባባሉ ዛሬ ፎቶው ሥር እየተጻፈ ይዞራል። በጥያቄ ስለተነገረ ጥበብ ይመስላል። መልስ እንዳለው እኔ በቤቴ ዐይቻለሁ።

አባቴ መኳንንት ይባላሉ። ሊማሊሞን በኤንትሬ፣ በዚያ ባረጀ የጣሊያን የጭነት መኪና፣ ጉልበታቸው እስኪያልቅ ወጥተው ወርደውበታል። ግላኮማ ዓይናቸውን ይዞት ነበር። ጎንደር ያለው ሐኪም የዳር የዳሩ እይታ አስቀድሞ እንደሚሄድ፣ የመሐሉም እንደሚከተል፣ የሄደው እንደማይመለስ ነገራቸው። እሳቸውም በራሳቸው ቋንቋ ተረዱት። «ረጅሙን መብራት ብቻ ትተውልኛል» አሉኝ በመኪና ስንመለስ። «መንገዱ ይታየኛል፤ ገደሉ አይታየኝም።»

ስለ ቁልቁለት የሰሙት ከሬዲዮ ነው። ብዙ ሳይቆይ ቢምረው መቅጃ ይዞ ዳባት መጣ፤ አባቴም አጠገባቸው አስቀምጠው የኩርባዎቹን ስም በሾፌሮች አጠራር ነገሩት፦ ጨው የፈሰሰበት፣ ሠርገኛው፣ እህል ውኃ። የትኛው ላይ ማርሽ እንደሚቀነስ፣ የትኛው ላይ ከታች የሚመጣውን ለማስጠንቀቅ ጡሩምባ እንደሚነፋ በአፋቸው እያሰሙ አስረዱት። ቢምረው ያን ቀን፣ «ጋሼ፣ ሾፌሩን የሚመራው የእርስዎ ድምፅ ነው። ማርሽ ቀንስ፣ ቀኝህን ያዝ የሚሉት እርስዎ ነዎት» አላቸው። አባቴ የዚያን ዕለት እራት በልተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «ሳይጨልምብኝ አንዴ ብወርደው ይበቃኛል።»

እንግዲህ በእኛ ቤት ሲጠበቅ የነበረው ይህ ነው። ከዓይናቸውና ከጌሙ የትኛው ይቀድማል የሚለው።

ጌሙ ለመስከረም ይደርሳል ተባለ። ከዚያ ለገና፤ ከዚያ ለጥምቀት። በመካከሉ ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። አንድ ሰው ይህ ወሬውን ያቀዘቅዘዋል ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ የሆነው ተቃራኒው ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ማስተባበያ ስላልነበረ የቢምረው ቃል ብቻውን ቀረ፤ ብቻውን ሲቀር ደግሞ አደገ። በእነዚያ ወራት ጌሙ ላይ ክረምትና በጋ ተጨመረ፣ የገበያ ቀን ተጨመረ፣ አንድ ቅዳሜ በሬዲዮ እንደሰማሁት የሰርግ አጃቢ መኪናም ተጨመረ። አባቴ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሬዲዮውን ጆሯቸው ሥር ያደርጉት ነበር። በዚያን ጊዜ አንገታቸውን ሳያዞሩ ከጎናቸው ያለውን ብርጭቆ ማግኘት አይችሉም ነበር።

ኔትወርክ ተመልሶ ጌሙ አለመኖሩ ሲታወቅ ልጆቹ ተቆጡ። የተቆጡት በሠሪዎቹ አልነበረም፤ እነሱን አያውቋቸውም። የጌም ቤቱ በር ላይ በቀለም «ውሸታም» ተብሎ ተጻፈ፤ መስኮቱም ተሰበረ። በዚህ ጊዜ ለሌላ አገር ሰው ፈጽሞ የማይታሰብ ነገር ተደረገ፦ ገና ያልተወለደ የቪዲዮ ጌም ለሽምግልና ቀረበ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ደባርቅ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጽድ ሥር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የሚመሯቸው መሪጌታ ሐዲስ ነበሩ፤ የቢምረው አባት ጓደኛ። አባቴም ኩርባዎቹን የነገርሁት እኔ ነኝ ብለው እንድወስዳቸው ስለጠየቁኝ እዚያው ነበርን።

«ይህ ነገር የት ነው ያለው?» አሉ መሪጌታ።

«ኮምፒዩተር ውስጥ ነው፣ አባቴ» አለ ቢምረው።

«ታዲያ እንዳይወጣ ምን ያዘው?»

«ገና እየተሠራ ነው።»

«ባልተሠራ ነገር ነው እነዚህን ልጆች ያስከፋሃቸው?»

ይበልጣል የሚባል ባጃጅ ነጂ፣ ከተጫዋቾቹ ሁሉ ደፋሩ፣ ከኋላ ተነሣ። «አባታችን፣ በቅሎ አለ ብሎናል።»

«በቅሎ ፈልገህ ነው? አባትህ ቤት የታሠረችው የማን ናት?»

«እሷማ ትራገጣለች።»

ግቢው ሳቀ፤ ሽማግሌዎቹም ጭምር። ሳቁ ሲበርድ ግን የፈረዱት ፍርድ የቀልድ አልነበረም። ቢምረው አንድ ቀን ይቁረጥ፤ ለቆረጠውም ቀን ዋስ ይጥራ። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ «ዳግማይ ትንሣኤ» አለ። ዋስ የሚሆነው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ዙሪያውን ተመለከተ። ሬዲዮውን ሲያዳምጥ የከረመው ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ።

አባቴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እኔ ዋስ ነኝ» አሉ።

ዋስ የሆነ ሰው የሌላውን ቃል የራሱ ያደርጋል፤ ቃሉ ሲታጠፍ የሚጠየቀው እሱ ነው። አባቴ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ስንመለስ «አባዬ፣ ምን ዐይተው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ድምፄ እዚያ ውስጥ ነው ያለው» አሉ። «የራሴን ድምፅ ልጠርጥር?»

ዳግማይ ትንሣኤ መጣ፤ አለፈ። ይበልጣልና ጓደኞቹ ዳባት በመጡ ቁጥር በደጃችን ጎራ ይሉ ነበር፤ ክፋት የላቸውም፣ ደንቡ ስለሆነ ነው የጠየቁት። «አባባ፣ ዳግማይ አለፈ እኮ።» አባቴ ከበሩ ድረስ ወጥተው ይቀበሏቸውና «አልፏል ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው» ይሏቸዋል። ወትሮ በመንደሩ ሸንጎ ተጠርተው የሚሄዱ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ሲጠሩ «ቃሌን እስክመልስ ይቆየኝ» እያሉ ቀሩ። ቢምረው አልመጣም። ስልክ ስደውልለት «ቀርቧል፣ ዶክተርዬ» ይለኛል፤ በዚያው ድምፅ። ክረምቱ ሲገባ የአባቴ መብራት ጠፋ። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ «ዛሬ ጉም ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ፀሐይ ወጥቶ ነበር።

ጌሙ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በነሐሴ።

ቢምረው በዝናብ ረጥቦ፣ ታብሌት በላስቲክ ጠቅልሎ ዳባት መጣ። መምጣቱን ብዙዎች እንደ ደግነት ይቆጥሩለታል። አባቴ አጠገብ ተቀመጠ፣ ታብሌቱን በሁለት እጃቸው አስያዛቸው፣ ሞተሩን አስነሣ። ከዚያ መተረክ ጀመረ።

«አሁን ከደባርቅ ወጥተናል፣ ጋሼ። ገደሉ በግራዎ ነው። ጨው የፈሰሰበት እየደረስን ነው።»

የአባቴ ግራ እግር በምንጣፉ ላይ ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ አየሁ። ከንፈራቸው ተከፍቶ ነበር።

«ጡሩምባዬስ?»

«ከኩርባው ማዶ ነው። አሁን ይሰማል።»

«ልጄ» አሉ አባቴ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ ሳያዞሩ። «ነይ እስኪ። ምን ይታያል?»

ቢምረው ቀና ብሎ ዐየኝ። ዓይኑ ይለምን ነበር፤ በዚያ ዓይን ስንት ሰው እንደተሸነፈ ዐውቃለሁ። እኔ ግን ስጠየቅ የምመልሰው የጠየቀኝን ነገር ነው።

«መኪናው ሳር ውስጥ ገብቶ ቆሟል፣ አባዬ። ኩርባው አንድ ብቻ ነው፤ ሲያልቅ መልሶ እሱው ይመጣል። ገደል የለም። ድምፅዎም የለም።»

«በሚቀጥለው አፕዴት ይገባል» አለ ቢምረው።

አባቴ እግራቸውን ከምንጣፉ ላይ አነሡ፤ ታብሌቱንም በጉልበታቸው ላይ በጥንቃቄ አስተኙት፤ የሰው ዕቃ ነውና። «ዝናቡ ሳይብስብህ ሂድ» አሉት።

በቀጣዩ እሑድ ደባርቅ ውሰጂኝ አሉኝ። ከግቢያችን ጥግ አንድ ድንጋይ መርጠው በጆንያ ጠቅልለው ያዙ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ያጠፋ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በበደላቸው ፊት ይንበረከካል፤ ድንጋዩን ከላዩ የሚያወርዱለት የተበደሉት ናቸው፤ ይቅርታው ያ ነው። በእኔ ዕድሜ ይህን ሲፈጽም ያየሁት ነፍስ ያጠፋ ሰው ብቻ ነበር።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ገና በግቢው ነበር። ልጆቹ ከጽዱ ሥር ተሰብስበዋል፤ በመካከላቸው ቢምረው ቆሞ «ቁልቁለት ሁለት» ስለሚባል ነገር ይነግራቸው ነበር። በመጀመሪያው ለጥቂት ቀናት ተበሳጭተው፣ በስልካቸው ተሳድበው፣ ጨርሰዋል። አሁን ሌላ ነገር ይጠብቁ ነበር።

አባቴ በመካከላቸው ተንበረከኩ፤ ድንጋዩን ጫንቃቸው ላይ አደረጉ። «ዋስ ሆኜ ቃሌን አጥፌባችኋለሁ» አሉ። «ይቅር በሉኝ።»

ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ይበልጣል ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ኧረ አባባ፣ ይነሡ። ጌም እኮ ነው።» ማንም ወደ ድንጋዩ አልቀረበም። ምን መደረግ እንዳለበት የሚያውቁት ፈሩ፤ የማያውቁት ስልካቸውን አወጡ። በዚህ መካከል ቢምረው ሰዉን ሰንጥቆ መጣ። እጁን ደረቱ ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑን ከደነ፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከአባቴ ጫንቃ ላይ አነሣ። ምንም አልተናገረም። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ፤ ሴቶች እልል አሉ። የበደለው ሰው ራሱ ይቅር ባይ ሆኖ ቆመ፤ ይህን ያስተዋለ ቢኖር እኔ ፊቱ ላይ አላየሁም። የዚያን ዕለት የተቀረጸው ቪዲዮ ዛሬ ከሥሩ መዝሙር ተደርጎበት፣ «ትሑቱ ቢምረው» ተብሎ፣ ከስልክ ስልክ ይዞራል። የመጽሔቱ አዘጋጆችም ለሽፋናቸው የመረጡት ከዚያው የተወሰደውን ፎቶ ነው።

አባቴን በክንዳቸው ይዤ ወደ መናኸሪያው ስንሄድ እርምጃቸው ቀሎ ነበር።

«ያነሣልኝ ይበልጣል ነው?» አሉኝ። «እጁ ጠንካራ ነው።»

«ቢምረው ነው።»

ቆሙ። «ከልጆቹ ማንም አልነካውም?»

«ማንም አልነካውም።»

«እንግዲያው አልወረደልኝም» አሉ። «መልሺኝ።»

ስንመለስ ግቢው ባዶ ነበር። ድንጋዩን ከጽዱ ግንድ ተጠግቶ አገኘሁት። አባቴ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ፈልገው አነሡት፤ ጫንቃቸው ላይ አደረጉት፤ ማንም በሌለበት ተንበረከኩ። ካፊያ ጀመረ። አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅሁ፤ የመጨረሻውም ሚኒባስ ጡሩምባውን ነፍቶ ሄደ።

«አባዬ፣ እኔ ላውርድልዎ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አቀኑ። «የአንቺ አይሆንልኝም፣ ልጄ» አሉኝ። «አንቺ ምንም አልጠበቅሽም።»